ዕጣ እንጣል ወይስ እንምከር?

ጥያቄ፦ አሜሪካ የምንኖር ምእመናን ነን። የምናስቀድሰው በኪራይ አዳራሽ ነው። «ሕንፃ እንግዛ» እና «ይቆየን» በሚል ተከፋፍለናል። ሱባኤ ይዘን ዕጣ ብንጥልስ?

መልስ፦ ሱባኤው መልካም ነው፤ ለዕጣው ግን አትቸኩሉ። ሐዋርያት ማትያስን በዕጣ የመረጡት መስፈርት አውጥተው፣ ሁለት ሰዎችን አቁመው፣ ከጸለዩ በኋላ ነው። በግብፅ ቤተ ክርስቲያንም በ2005 ዓ.ም. ፓትርያርክ ሲመረጥ ዓይኑ የተሸፈነ ሕፃን የአቡነ ታዋድሮስን ስም ያወጣው ዕጩዎቹ ተመርምረው፣ ድምፅ ተሰጥቶባቸው፣ ሦስት ሲቀሩ ነበር። ስለዚህ ዕጣ የሂሳብ መዝገባችሁን ላለመክፈት ሰበብ አይሆንም።

ከአሕዛብ ያመኑት ይገረዙ ወይስ አይገረዙ የሚለው ክርክር ደግሞ በሐዋርያት የኢየሩሳሌም ጉባኤ ያለ ዕጣ ተፈታ። ጴጥሮስ ተናገረ፤ ጳውሎስና በርናባስ ያዩትን መሰከሩ፤ ያዕቆብ ከነቢያት ጠቅሶ ፍርድ ሰጠ። እናንተም በሱባኤው ሳምንት ገንዘብ ያዡ የሕንፃውን ብድር ወርኃዊ ክፍያ ከአባላት መዋጮና ከሙዳየ ምጽዋቱ ገቢ ጋር አስተያይቶ ያንብብላችሁ። «ይቆየን» ባዮችም (ምናልባት ሁለት ሥራ የሚሠሩ ይሆናሉ) ሳይቋረጡ ይናገሩ። እነርሱን እምነት የጎደላቸው አድርጎ ማየት ነውር ነው። ከዚያም ካልተስማማችሁ ጉዳዩን ለሀገረ ስብከታችሁ ሊቀ ጳጳስ አቅርቡ፤ እስከዚያው ቀብድ አትክፈሉ።