ሐሞቷ ሲወጣ

ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጉሙ ከሊማሊሞ ሽቅብ ወደ ደባርቅ ይወጣል። ጡረታ የወጡ የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ እሳት ዳር ተቀምጠዋል። ከዳባት የመጣ የዘመድ ልጅ ጋቢውን እንደተከናነበ ይጠይቃቸዋል።

ልጅ፦ ጋሼ፣ እማዬ የሐሞት ጠጠር አለባት፤ ኦፕራሲዮን ግድ ነው ተባለ። እሷ ግን «ሐሞቴ ከወጣ ምን ሐሞት ይቀረኛል» ብላ አሻፈረኝ አለች።

ጋሼ፦ (እየሳቁ) ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ነው። የሚወጣው ማጠራቀሚያ ከረጢቱ ብቻ ነው። ወኔዋ አይነካም በላት።

ልጅ፦ አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ደግሞ በቀዳዳ ይሠራላት ትላለች። ሆድ ሳይከፈት እንዴት ይወጣል?

ጋሼ፦ እምብርቷ አጠገብ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋበታል። ሆዷ እንደ ድንኳን ከፍ ሲል መሥሪያ ቦታ ይገኛል። ካሜራው በዚያ ይገባል፤ መያዣና መቁረጫው ብዙውን ጊዜ በሌሎች ሦስት ቀዳዳዎች። ሐኪሙ እጁ ሆዷ ላይ፣ ዓይኑ ቴሌቪዥን ላይ ነው።

ልጅ፦ ዝም ብሎ አየር ቢነፋስ?

ጋሼ፦ ውስጥ በኤሌክትሪክ ሥጋ ይተኮሳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይቀጣጠልም። የቀረውም በደም ተወስዶ በትንፋሽ ይወጣል። ታዲያ አስቀድመህ ንገራት፦ ስትነቃ ትከሻዋን ሊያማት ይችላል። ሆዴን ተሠርቼ ትከሻዬን ምን ነካኝ ብለው የሚደነግጡ ብዙ ናቸው። ጋዙ ከሳንባ በታች ያለውን ሽፋን ስለሚቆጠቁጠው ነው፤ በቀናት ይለቃል።

ልጅ፦ የድሮውስ?

ጋሼ፦ በቀኝ ጎድን ሥር ስንዝር ያህል ይቀደዳል። ከቆዳው ይልቅ የሚያስቸግረው የተቆረጠው ጡንቻ ነው፤ ስትስል የሚያማት፣ ጀሪካን አትሸከሚ የሚያሰኛት እሱ ነው። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ከከባድ ሥራ ትርቃለች። በቀዳዳ ከሆነ ብዙው ሰው በማግስቱ ቤቱ ይገባል፤ በአንድ ሁለት ሳምንት ቀላል ሥራውን ይይዛል።

ልጅ፦ እንግዲያ መቅደዱ ለምን አልቀረም?

ጋሼ፦ ከሊማሊሞ ሥር ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ በቃሬዛ የሚመጣውን ገበሬ አስብ። አንጀቱ ተጠማዝዟል፤ በእኛ ደጋ የታወቀ ሕመም ነው፣ ወንዱን ያበዛል። አንዳንዱ በፊንጢጣ ቱቦ ገብቶ አየሩ ሲወጣ ይፈታለታል። አንጀቱ ጠቁሮ ከሆነ ግን ቶሎ ሆዱ ተከፍቶ የሞተው መቆረጥ አለበት። ያበጠው አንጀት ቦታውን ሁሉ ሞልቶታል፤ ካሜራው የት ይዞራል? እጅ ዳብሶ የሚያውቀው ነገርም አለ፣ መሣሪያ የማይነግርህ።

ልጅ፦ ለእማዬስ?

ጋሼ፦ ለጠጠር እኔ ቀዳዳውን እመርጣለሁ፤ የለመደ እጅ ከተገኘ። በፈረንጆች 1985 ጀርመናዊው ኤሪክ ሙኸ የሐሞት ከረጢት በዚህ መንገድ ሲያወጣ የሙያ ጓደኞቹ አልተቀበሉትም ነበር። ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም፤ ባልለመደ እጅ የሐሞት ቦይ ይቆረጣል። ስለዚህ «ዶክተር፣ በዚህ መንገድ ስንት ሰው ሠርተዋል?» ብለህ ጠይቅ።

ልጅ፦ አይቆጡኝም?

ጋሼ፦ ቢቆጡም ጠይቅ። ደግሞ በመሃል አቁመው ቢከፍቷት አበላሹ አትበሉ፤ ቦዩ በግልጽ አልታይ ሲል መክፈት ደግ ሥራ ነው። ለመሆኑ ትስላለች?

ልጅ፦ ማታ ማታ። ዕድሜዋን ሙሉ ጭስ ቤት እንጀራ ስትጋግር...

ጋሼ፦ እሱን እንዳትደብቁ። ጋዙ ሳንባን ሽቅብ ይገፋል፤ ማደንዘዣ የሚሰጣት ባለሙያ ከምንም በፊት ሊያውቀው የሚገባ ነው።