የዌስተርን ብሎት ምስል አነሣስ፦ ከሜምብሬኑ እስከ ቁጥሩ

ዌስተርን ብሎት የሚሠራ ተማሪ ጄል ሲያስኬድ፣ ፕሮቲኑን ወደ ሜምብሬን ሲያሸጋግር፣ ከአንቲቦዲ ጋር ሲያቆይና ሲያጥብ ሁለት ቀን ይከርማል፤ ምስል ማንሣቱ ላይ ሲደርስ ግን ይቸኩላል። ያ ምስል የውጤቱ ማስጌጫ ሳይሆን ልኬቱ ራሱ ነው። ካሜራው ከየባንዱ የሚወጣውን ብርሃን ይለካል፤ ልኬቱ ከተበላሸ በኋላ የሚያቃናው ሶፍትዌር የለም። እዚህ የምናየው በብዙ ላቦራቶሪዎች የተለመደውን፣ በኬሚሉሚነሰንስ የሚሠራውን ዓይነት ነው።

ብርሃኑ የሚመጣው ከሁለተኛው አንቲቦዲ ጋር ከተያያዘው ኤች.አር.ፒ. ከተባለው ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አማካይነት ሉሚኖልን ኦክሲዳይዝ ሲያደርግ በ425 ናኖ ሜትር አካባቢ ደካማ ሰማያዊ ብርሃን ይወጣል፤ እየቆየም ይደክማል። ስለዚህ ሜምብሬኑን ከመንካታችሁ በፊት መሣሪያውን አብሩና ካሜራው እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ሲሲዲ ካሜራ ካልቀዘቀዘ ከራሱ ሙቀት የሚመጣው ጫጫታ ደካማውን ባንድ ይውጠዋል፤ በአብዛኛው ከዜሮ በታች ወደ 25 ወይም 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወርዳል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ መሣሪያውም ኮምፒውተሩም ከዩፒኤስ ጋር ይያያዙ።

ቀጥሎ ሰብስትሬቱን፣ ማለትም የሉሚኖሉንና የፐርኦክሳይዱን ድብልቅ፣ አዘጋጁ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ፈሳሾች እኩል በእኩል ይቀላቀላሉ። ለአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 0.1 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃል፤ 6 በ8 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሜምብሬን 5 ሚሊ ሊትር ገደማ ማለት ነው። ሜምብሬኑን በመቆንጠጫ ጥግ ይዛችሁ ውኃውን አንጠፍጥፉ፤ እንዲደርቅ ግን አትፍቀዱ። ፕሮቲን ያለበትን ፊት ወደ ላይ አድርጋችሁ ሰብስትሬቱን በእኩል አዳርሱ፤ በመመሪያው መሠረት ከ1 እስከ 5 ደቂቃ አቆዩት። ከዚያ ትርፉን አንጠፍጥፋችሁ በንጹሕ ግልጽ ላስቲክ መካከል አስገቡትና የአየር አረፋውን ወደ ጠርዝ ገፍታችሁ አስወጡ። ብርሃን የበዛበት ቦታ በምስሉ ላይ ጠቁሮ ስለሚታይ፣ አረፋ ክብ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይቀራል።

ሜምብሬኑን በትሪው መካከል ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ፎከሱን አስተካክሉ። መጀመሪያ በነጭ ብርሃን አንድ ምስል አንሡ፤ ባለቀለሙ ማርከር በአብዛኛው በራሱ ብርሃን ስለማይሰጥ የፕሮቲኑን መጠን በኪሎ ዳልተን የምታነቡት ከዚህ ምስል ነው። ሁለቱ ምስሎች በኋላ እንዲደራረቡ ሜምብሬኑ ንቅንቅ አይበል።

አሁን ወደ ኤክስፖዠር እንምጣ፤ ብዙ ውጤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ባለ16 ቢት ካሜራ ለእያንዳንዱ ፒክስል ከ0 እስከ 65,535 ያለ ዋጋ ይሰጣል። ከጣሪያው በላይ ብርሃን ቢመጣም ቁጥሩ እዚያው ይቆማል። በአንዱ ናሙና ያለው ፕሮቲን የሌላውን አራት እጥፍ ቢሆንና ሁለቱም ጣሪያውን ቢነኩ፣ ምስሉ እኩል ናቸው ይላል። ዓይን ደግሞ የሚወደው ያንኑ ድፍን ጥቁር ባንድ ነው! ስለዚህ አውቶማቲኩን እንደ መነሻ ብቻ ወስዳችሁ ተከታታይ ምስል አንሡ፦ 5 ሰከንድ፣ 15፣ 30፣ 1 ደቂቃ፣ 3 ደቂቃ። የሞሉ ፒክስሎችን በቀለም የሚያሳየውን አማራጭ ክፈቱ። ለመለካት የሚመረጠው፣ ከምትፈልጓቸው ባንዶች አንዱም ሳይሞላ ረጅሙ ኤክስፖዠር ነው። ደካማው ባንድ እንዲታይ ረዘም ያለውን ማስቀመጥ ይቻላል፤ ለአንድ ፕሮቲን ከሁለት የተለያዩ ኤክስፖዠሮች የተወሰደ ቁጥር ግን አይነጻጸርም። ቢኒንግ (አጎራባች ፒክስሎችን አንድ ላይ መደመር) ማብዛት ደካማ ሲግናልን ያጎላል፤ ዋጋው የምስሉ ጥራት መቀነስ ነው።

የባንዱ መሐል ነጭ ሆኖ ዳሩ ብቻ ከጠቆረ ኢንዛይሙ በዝቶ ሰብስትሬቱን ጨርሶታል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሁለተኛውን አንቲቦዲ አቅጥኑ። ምስሉ በሙሉ ከጠቆረ ብሎኪንጉንና አጠባውን መርምሩ። ምንም ካልታየ ከመሣሪያው በፊት ባፈሩን ተጠራጠሩ፤ ሶዲየም አዛይድ ኤች.አር.ፒ.ን ያግደዋል። ፕሮቲኑ መሸጋገሩንም ከብሎኪንግ በፊት በፖንሶ ቀለም ማየት ልማድ ይሁን።

ምስሉን ስታስቀምጡ ያልተነካውን የመሣሪያውን ፋይል፣ ከእሱም ጋር ባለ16 ቢት ቲፍ ያዙ። ጄፔግ መረጃ ስለሚጥል ለልኬት አይሆንም። ብሩህነትና ንጽጽር ቢስተካከል በሙሉው ምስል ላይ እኩል ይሁን፤ ባንድ ማጥፋት ወይም ከሌላ ቦታ አምጥቶ መለጠፍ ማጭበርበር ነው። ተመራማሪዋ ኤሊዛቤት ቢክና ባልደረቦቿ በ2016 ባሳተሙት ጥናት 20,621 የምርምር ጽሑፎችን አይተው በ3.8 በመቶው ውስጥ ችግር ያለበት ምስል አግኝተዋል። ጥሬው ፋይል በእጁ ያለ ተመራማሪ ሲጠየቅ ማሳየት ይችላል።

ለቁጥሩ ኢሜጅጄ በነፃ ይገኛል። የጀርባውን ብርሃን ቀንሱና የባንዱን ዋጋ ለማነጻጸሪያው አካፍሉ። ማነጻጸሪያው ብዙ ጊዜ 42 ኪሎ ዳልተን የሆነው ቤታ አክቲን ነው። አክቲን በሴል ውስጥ እጅግ ብዙ ስለሆነ ቀድሞ የሚሞላው እሱ ነው፤ የሞላ አክቲን ደግሞ የናሙና ጭነት ልዩነትን ይደብቃል። ለእሱ የተለየ አጭር ኤክስፖዠር አንሡ፤ ለሁሉም ናሙና ያው እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም።

ሜምብሬኑን በሌላ አንቲቦዲ ለመድገም ካሰባችሁ አጥባችሁ በባፈር እንደረጠበ በ4 ዲግሪ አስቀምጡት። ትሪውንም በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ፤ የቀረ ሰብስትሬት በቀጣዩ ሰው ምስል ላይ ያበራል።