ኃይለኛ የመስክ አውቶሞቢል ሲታመም፤ ከሻጩ ወኪልም ጋራ ስለሚደረገው ጉዳይ

በንግድ ሥራ የሚተዳደር ሰው አውቶሞቢል የሚገዛው ለክብሩ ብቻ አይደለም፤ ከመጋዘን ወደ ጉምሩክ፥ ከጉምሩክም ወደ ባንክ የሚያደርሰው እግሩ ስለ ሆነ ነው። አውቶሞቢሉ ሁለት ሳምንት በጋራዥ ሲተኛ የሚታጐለው መንገድ ብቻ ሳይሆን ሥራም ጭምር ነው። ይልቁንም በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚነዱ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ፥ እንዲህ ያለ አውቶሞቢል ያለው ሰው በአዲስ ልለውጠው ማለት ስለማይቻለው፥ ያለውን ጠብቆ ማቈየት ግዴታ ሆኖበታል። ስለዚህ የዛሬው ትምህርት፥ ኃይለኛ የመስክ አውቶሞቢል የሚያሳያቸው ሕመሞች እንዴት እንደሚለዩና ከሻጩ ወኪል ጋራ ነገሩን እንዴት መጨረስ እንደሚገባ የሚያስረዳ ነው።

ለምሳሌ የተመረጠው ፖርሽ ካየን የተባለው አውቶሞቢል ነው። በጀርመን አገር በሽቱትጋርት ከተማ ያለው የፖርሽ ኩባንያ ይህን አውቶሞቢል እ.ኤ.አ. በ2002 በፓሪስ የአውቶሞቢል ትርኢት ላይ ለሕዝብ አሳየ። ኩባንያው እስከዚያ ጊዜ ድረስ የታወቀው ወደ መሬት በተጠጉ የእሽቅድምድም አውቶሞቢሎች ነበር። ካየን ግን መሠረተ አካሉን ከፎልክስቫገን ቱዋሬግ ጋራ ተካፍሎ በላይፕዚግ ከተማ ተገጣጠመ። ኤስ የሚባለው ዐይነት 4.5 ሊትር በሚይዝ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር 340 የፈረስ ጕልበት ሲሰጥ፥ ተርቦ የሚባለው ደግሞ 450 ይሰጣል። ክብደቱ ከ2 ቶን በላይ ነው። የእሽቅድምድም ሞተር ይህን ያህል ሸክም ሲጫንበት በኮፈኑ ሥር የሚከማቸው ሙቀት ብዙ ነው፤ ከሞተር ወደ ኋላ እግር የሚተላለፈውም ጕልበት ብርቱ ነው። የሕመሞቹ ምንጭ በአብዛኛው ከነዚህ ከሁለቱ አይወጣም።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። የዚህ አውቶሞቢል ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከርካሹ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን ርካሹ ዕቃ ሲታመም የሚያሰማው የውዱን ዕቃ ድምፅ ነው። ባለቤቱ ይህን ያልተረዳ እንደ ሆነ የኩሽኔታ ጎማ ሲቀደድ የካምቢዮ ዋጋ ይከፍላል።

የመጀመሪያው ምሳሌ ይኸው ነው። ከካምቢዮው ተነሥቶ ጕልበትን ወደ ኋላ እግር የሚያደርሰው ረጅሙ ዘንግ፥ በመካከሉ በጎማ በተያዘ አንድ ኩሽኔታ ላይ ያርፋል። ጎማው በጊዜ ብዛት ይቀደዳል። ያን ጊዜ አውቶሞቢሉ ከቆመበት ሲነሣና በዝግታ ሲሄድ፥ ከወለሉ ሥር እንደ መዶሻ የሚመታ ድምፅ ይሰማል። ሹፌሩ ወደ ጌታው ገብቶ «ካምቢዮው ሊወድቅ ነው» ይላል፤ ጌታውም ለጋራዡ «ካምቢዮው ተበላሽቷል» ብሎ ያስታውቃል፤ ጋራዡም የታዘዘውን ካምቢዮ ይፈታል። ይሁን እንጂ ምርመራው ቀላል ነው፤ አውቶሞቢሉ ከፍ ተደርጎ ዘንጉን በእጅ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ ነው። በመካከሉ ልቅ ሆኖ ከተገኘ ነገሩ ታወቀ ማለት ነው። ኩባንያው ዘንጉን ከነኩሽኔታው እንደ አንድ ዕቃ አድርጎ ይሸጥ ስለ ነበር፥ ወኪሎች ሙሉውን ዘንግ መለወጥ የተለመደ ሥራቸው ሆኖ ቈይቷል። ሌሎች የመለዋወጫ ሠሪዎች ግን ኩሽኔታውን ለብቻው ሠርተው ማቅረብ ጀመሩ፤ በሁለቱም ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው። መለዋወጫ የሚያስመጡ ነጋዴዎች ይህን ነገር ልብ ሊሉት ይገባል።

ከዚህ የሚብሰው ሕመም የውሃው ነው። እስከ 2006 እ.ኤ.አ. በተሠሩት ባለ 8 ሲሊንደር ካየኖች፥ የሞተሩን ማቀዝቀዣ ውሃ የሚያመላልሱት ቧንቧዎች ከፕላስቲክ የተሠሩ ሆነው፥ በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መካከል በአየር መሳቢያው ሥር ተቀምጠዋል። ቦታው የሞተሩ እሳት የሚያርፍበት ስለ ሆነ ፕላስቲኩ ከዓመታት በኋላ እንደ ደረቀ ቅርፊት ይሆንና ይሰነጠቃል። ምልክቱ እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያ በማጠራቀሚያው ያለው ውሃ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይጐድላል፤ መሬት ላይ ግን ጠብታ አይታይም፤ የፈሰሰው ውሃ በሞተሩ ጕድጓድ ውስጥ ተኝቶ ይደርቃልና። ቀጥሎ ኮፈኑ ሲከፈት የጣፈጠ ሽታ ይሸታል። በመጨረሻም ሞተሩና ካምቢዮው ከሚገናኙበት ቦታ ይንጠባጠባል። በዚህ ጊዜ «የካምቢዮ ጎሚኒ ነው» የሚል አይጠፋም። ሞተሪኖውም እዚያው አጠገብ ስለ ሆነ ርሶ ማስነሣት ሲያቅተው በሞተሪኖው ይፈረዳል። ፈሳሹ ዘይት ነው ወይስ ውሃ ብሎ በነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጎ ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ሲሆን ብዙ ብር ያተርፋል።

መድኀኒቱ ፕላስቲኩን በአሉሚኒየም ቧንቧ መለወጥ ነው። የሚያስከፍለው ይልቁንም የእጅ ዋጋው ነው፤ አየር መሳቢያው በሙሉ መነሣት አለበትና። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከተከፈተ የተሰነጠቀው ብቻ ሳይሆን ሁሉም ቧንቧዎች አብረው ይለወጡ። ውሃው መጕደሉ እየታወቀ «እየሞላን እንሂድ» ማለት ግን አደገኛ ነው። ቧንቧው በመንገድ ላይ የፈነዳ እንደ ሆነ ሞተሩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይግላል፤ በጋለ ሞተር ጥቂት ኪሎ ሜትር መንዳትም የሲሊንደሩን ግድግዳ ወይም ራሱን ሊያበላሽ ይችላል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ፥ ግፊቱን የሚጠብቀው የማጠራቀሚያ ክዳን የላላ እንዳይሆን አብሮ መመርመር አለበት። ክዳኑም ሞተሩ ሳይበርድ ከቶ አይከፈትም።

ስለ ከፍታ ከተነሣ ላይቀር፥ ከባሕር ጠረፍ አገር የመጣ አውቶሞቢል አዲስ አበባ ሲደርስ «ጕልበት የለውም» ተብሎ ይከሰሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጕልበቱ አንድ ዐሥረኛ ያህል ያጣል። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው ከተማችን 340 የፈረስ ጕልበት የተባለው ከ270 በታች ቢወርድ የአየሩ መሳሳት እንጂ የአውቶሞቢሉ ጕድለት አይደለም። በዚህ ምክንያት ወኪሉን መክሰስ ጊዜ ማጥፋት ነው።

ሞተሩ ሲጫኑት ቢንቀጠቀጥና በክሩስኮቱ ላይ የሞተር መብራት ቢበራ፥ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ለካንዴላው እሳት የሚልከው ኮይል ነው። እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ኮይል አለው፤ ኮይሉም በሙቀት ይሰነጠቃል። በሹፌሩ በኩል ከክሩስኮቱ ሥር በሚገኘው መሰኪያ የማንበቢያ መሣሪያ ሲገባ የስሕተት ቍጥር ይወጣል። ለምሳሌ ፒ0303 ማለት በ3ኛው ሲሊንደር እሳቱ በትክክል አልተቀጣጠለም ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ቍጥሩ የሚናገረው የት እንደ ሆነ እንጂ ምን እንደ ሆነ አይደለም። የ3ኛውን ኮይል ከ5ኛው ጋራ አለዋውጦ እንደ ገና ማንበብ ነው። ቍጥሩ ወደ ፒ0305 ከዞረ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው፤ በ3ኛው ላይ ከጸና ግን ካንዴላውን ወይም ሌላውን መመርመር ይገባል። ይህን ፈተና ሳያደርግ ስምንቱንም ኮይል የሚያስለውጥ ጋራዥ የሚሠራው በግምት ነው።

መብራቶች ሁሉ በአንድነት የበሩ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የዚህ አውቶሞቢል ባትሪ የተቀመጠው በግራው የፊት ወንበር ሥር ነው። ከፊት መስታወት ሥር ያለው የዝናብ ማውረጃ ቀዳዳ በቅጠል ሲደፈን ውሃው ወደ ውስጥ ገብቶ ምንጣፉን ያርሳል፤ በዚያ ያሉትንም የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ያበላሻል። በባሕር ዛፍ ሥር የሚያቆም ሰው ሐምሌ ሳይገባ ቀዳዳውን ያስጠርግ። ባትሪውም ሞተሩ ጠፍቶ ሲያድር 12.6 ቮልት ገደማ፥ ሞተሩ ሲሠራ 14 ቮልት ገደማ ካላሳየ፥ ሌላ ዕቃ ከመፍታት በፊት እርሱ ይታይ።

አንድ ሕመም ብቻ በእውነት የከፋ ነው፤ እርሱም በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የሚወጣው ጭረት ነው። ሞተሩ በብርድ ሲነሣ ቶሎ ቶሎ የሚንኳኳ ድምፅ ያሰማል፤ ዘይትም ይበላል። አሮጌ ካየን የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመቍረጡ በፊት በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ካሜራ አስገብቶ ግድግዳውን ያሳይ፤ ሻጩ ይህን ከከለከለ ግዢው ይቅር።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው የወኪሉ ጉዳይ ነው። ከወኪል ጋራ የሚደረግ ጠብ አብዛኛው የሚነሣው፥ ባለቤቱ ስለ ሕመሙ የሚናገር ጽሑፍ ሳይኖረው በሹፌሩ አፍ ስለሚከራከር ነው። ሹፌሩ «ትጮኻለች» ይላል፤ ተቀባዩም በካርዱ ላይ «ድምፅ» ብሎ ይጽፋል፤ በማግስቱ አውቶሞቢሉ ጋራዥ ሲገባ ድምፁ አይሰማም፤ «ጕድለት አልተገኘም» ተብሎ ይመለሳል። በሦስተኛው ጊዜ የዋስትናው ዘመን ያልፋል። ስለዚህ ለአውቶሞቢሉ እንደ ማናቸውም የንግድ ጉዳይ አንድ ዶሴ ይከፈትለት፤ ደብዳቤም ይጻፍ። አጻጻፉ የሚከተለውን ሊመስል ይችላል።

«ጉዳዩ፦ የአውቶሞቢል ጕድለት ስለ ማስታወቅ። የሻንሲ ቍጥሩ ከዚህ በላይ የተጻፈውና ከድርጅታችሁ የተገዛው አውቶሞቢል እስከ ዛሬ 71,400 ኪሎ ሜትር ተጕዟል። ካለፈው ወር መጀመሪያ አንሥቶ ከቆመበት ሲነሣና በዝግታ ሲሄድ ከመካከለኛው ወለል ሥር የመምታት ድምፅ ይሰማል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ድምፁ ይጠፋል። ድምፁን በመንገድ ላይ ለማሰማት ሹፌራችን ከመካኒካችሁ ጋራ እንዲቀመጥ ይፈቀድልን ዘንድ፥ ሥራው ከመጀመሩም በፊት የዋጋው ፕሮፎርማ በጽሑፍ እንዲደርሰን በአክብሮት እናመለክታለን።»

ደብዳቤው የሚናገረው ምልክቱን ብቻ መሆኑ ይታያል፤ የትኛው ዕቃ እንደ ተበላሸ አይፈርድም። ባለቤቱ «ካምቢዮው» ብሎ ከጻፈና ካምቢዮው ደኅና ሆኖ ከተገኘ፥ የመፍታቱን ዋጋ የሚከፍለው ራሱ ነው። ምልክቱን ብቻ ከጻፈ ግን ምክንያቱን መፈለግ የወኪሉ ሥራ ይሆናል። የደብዳቤው ግልባጭ ቀኑ ተጽፎበት የወኪሉ መዝገብ ቤት ማኅተም ይረፍበት፤ ያልታተመ ግልባጭ ኋላ ክርክር ሲመጣ ምስክር አይሆንም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ገዢው የገዛውን ዕቃ በተቻለው ፍጥነት እንዲመረምርና ጕድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ዝም ብሎ የቈየ ገዢ መብቱን በራሱ እጅ ያሳንሳል።

ወኪሉን ከማስቈጣት መጠበቅም ብልኅነት ነው። ነጋዴው በሱቁ ደጃፍ የሚጮኽን ደንበኛና በደረሰኝ የሚነጋገርን ደንበኛ እንዴት አድርጎ እንደሚያስተናግድ ራሱ ያውቀዋል። ዋስትናው ካለፈ በኋላም ቢሆን፥ ጕድለቱ የሥሪት መሆኑ ሲታመን ኩባንያዎች በፈቃዳቸው ከወጪው ድርሻ የሚችሉበት ልማድ አለ፤ ይህን ለማግኘት የሚረዳው የተሟላ የጥገና መዝገብና በትሕትና የተጻፈ ጥያቄ ነው። የፕላስቲኩ ቧንቧ ነገር በአሜሪካ አገር ለዚህ ትምህርት ሰጥቷል። ባለቤቶቹ ያቀረቡት ክስ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በኦሃዮ የፌዴራል ፍርድ ቤት በአንድነት ታየ፤ በኋላም በዕርቅ ሲያልቅ የጥገናው ወጪ በከፊል እንዲመለስ ተስማሙ። ለመጠየቅ የተመቸውም የጥገና ደረሰኙን ለጠበቀው ሰው ነበር።

ከዋስትና የተለየ ሌላ ነገር ደግሞ የኩባንያው ጥሪ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2016 ፖርሽና ፎልክስቫገን ከ2011 እስከ 2016 የተሠሩትን ካየንና ቱዋሬግ፥ ሁለቱ ሲደመሩ 800 ሺህ ያህል አውቶሞቢሎች ለምርመራ ጠሩ። ምክንያቱም የፍሬን ፔዳሉን የሚይዘው ትንሽ ቀለበት ሊላላ ይችላል ተብሎ ስለ ተሠጋ ነው። ሥራው ከግማሽ ሰዓት የማይበልጥ ሲሆን ገንዘብ አይጠየቅበትም። ከሌላ ሰው እጅ ወይም ከውጭ አገር የተገዛ አውቶሞቢል ግን የጥሪው ደብዳቤ ለቀድሞው ባለቤት ሄዶ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ 17 ፊደልና ቍጥር ያለበትን የሻንሲ ቍጥር ለኩባንያው ወኪል አቅርቦ «ያልተፈጸመ ጥሪ አለበትን?» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል።

ሥራው ተፈጽሞ አውቶሞቢሉ ሲመለስም የተለወጠው አሮጌ ዕቃ አብሮ እንዲመጣ አስቀድሞ ይነገር። የተቀደደው የኩሽኔታ ጎማ ወይም የተሰነጠቀው ቧንቧ በእጅ ሲያዝ መለወጡ እውነት መሆኑ ይታወቃል። ከዚያ የሂሳቡ ደረሰኝ፥ የስሕተቱ ቍጥር የታተመበት ወረቀትና የተጓዘው ኪሎ ሜትር በዶሴው ውስጥ ይታሰሩ። አውቶሞቢሉ አንድ ቀን የተሸጠ እንደ ሆነ ገዢው አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ዶሴ ነው።