ሰዓቱ የማን ነው?

ቆይ ማሙሽ፣ እስቲ ማውረጃውን አትጫነው። አውቃለሁ፣ ከኋላ ቆሞ ስክሪን የሚያይ ሰው ያናድዳል። ሻይህን ላስቀምጥልህ ስመጣ «ዩሮ ዶላር፣ የአንድ ደቂቃ፣ 10 ዓመት» የሚለውን የዋጋ ዳታ አየሁና እግሬ አልሄድ አለኝ። እኔም ስንት ሌሊት ያባከንኩት በዚሁ ነው።

ከሁሉ በፊት ሰዓቱን ጠይቅ። ፋይሉ ላይ 16:00 ይላል፤ የማን 16:00 ነው? እማዬን «10 ሰዓት ላይ እንመጣለን» ስትላት መጀመሪያ የምትጠይቀው ምንድን ነው? «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» አይደል? አንተም ፋይሉን እንደሷ ጠይቀው። ዱካስኮፒ የሚባለው የስዊስ ባንክ በነፃ የሚሰጠውን ዳታ ዝም ብለህ ካወረድከው በግሪንዊች ሰዓት ነው የሚመጣልህ፤ ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ። ሜታትሬደር ላይ የምታየው ደግሞ የብሮከርህ ሰርቨር ሰዓት ነው። ብዙዎቹ ብሮከሮች ሰርቨራቸውን ከግሪንዊች 2 ሰዓት ያስቀድሙታል፤ አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ወደፊት ሲገፉ 3 ያደርጉታል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። 3 ሲሆን ከአዲስ አበባ ጋር ልክ ይገጥማል። ነሐሴ ላይ ስልክህንና ቻርቱን አስተያይተህ «የእኛው ሰዓት ነው» ብለህ ትተኛለህ፤ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ቻርቱ አንድ ሰዓት ወደኋላ ሲቀር ማንም አይነግርህም። መጋቢት ደግሞ ይብሳል፤ ኒውዮርክና ለንደን በአንድ ቀን አይቀይሩም። በ2024 አሜሪካ ማርች 10፣ አውሮፓ ማርች 31 ነበር የቀየሩት። ያንተ ስትራቴጂ «ለንደን ሲከፈት ግባ» የሚል ከሆነ፣ እነዚያን 3 ሳምንታት አንዱን ገበያ ከሌላው ጋር አምታተህ ነው የምትፈትነው።

ሁለተኛ፣ በኤክሴል አትክፈተው። እሺ፣ ክፈተው፤ ሴቭ ግን አታድርግ። ፎሬክስ በሳምንት 5 ቀን፣ ቀንና ሌሊት ስለሚሠራ የአንድ ደቂቃ ዳታ በዓመት ወደ 370,000 ረድፍ ይጠጋል። ኤክሴል የሚችለው 1,048,576 ረድፍ ነው፤ ሦስት ዓመት እንኳ አይሞላም። እኔ ከፍቼ፣ የቀኑን አጻጻፍ አስተካክዬ፣ በዚያው ስም ሴቭ አደረግኩት። ማስጠንቀቂያ ብቅ ብሎ ነበር፤ አላነበብኩትም። ከዚያ «10 ዓመት የተፈተነ» እያልኩ ለሥራ ባልደረቦቼ ሳሳይ ከረምኩ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ያለውን ቀን ለማየት እንኳ አልታደልኩም። ስለዚህ እንዳወረድከው ለብቻው ፎልደር ውስጥ አስቀምጠውና በቅጂው ሥራ። ከየት፣ መቼ፣ በየትኛው ሰዓት አቆጣጠር እንዳወረድከውም እዚያው ጻፍ፤ ከወር በኋላ አታስታውሰውም።

ዋጋውስ? የምታየው ብዙ ጊዜ መሸጫህ ብቻ ነው፤ ስትገዛ የምትከፍለው ከሱ ከፍ ይላል፤ ልዩነቱ ስፕሬድ ነው። የመርካቶ ልጅ ሆነህ ይሄ ይጠፋሃል? ስትራቴጂህ በአንድ ትሬድ በአማካይ 3 ፒፕ ካገኘና ስፕሬዱ 1 ተኩል ከሆነ፣ ግማሹን ብሮከሩ ወሰደው ማለት ነው። ኒውዮርክ ቀኑን ሲዘጋ፣ በእኛ ከሌሊቱ 6 ወይም 7 ሰዓት ላይ፣ ስፕሬዱ እንዴት እንደሚለጠጥ ደግሞ አይተሃል። ዳታው የመግዣውንም የመሸጫውንም ዋጋ ከያዘ ሁለቱንም አውርድ።

ግራ የሚያጋባ ቁጥር ስታይ ደግሞ ቶሎ አትሰርዝ። ጃንዋሪ 15 ቀን 2015 የስዊስ ብሔራዊ ባንክ ለአንድ ዩሮ 1.20 ፍራንክ ብሎ ያቆመውን ወለል ድንገት ሲያነሳ፣ ዋጋው በደቂቃዎች ውስጥ ገደል ገባ። ኤፕሪል 20 ቀን 2020 የአሜሪካ ድፍድፍ ነዳጅ የሜይ ውል በበርሜል 37.63 ዶላር ከዜሮ በታች ዘጋ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ እነሱን ያጸዳ ሰው የፈተነው በፀሐይ ብቻ ነው፣ ዝናቡን አላየም።

ተቃራኒውም አለ። እውነት የሚመስል ሐሰት። ጓደኛህ ስለ ስቶክ ሲያወራህ የነበረው ትዝ አለኝ፤ አፕል ኦገስት 28 ቀን 2020 ወደ 499 ዶላር ላይ ዘግቶ ሰኞ ኦገስት 31 በ129 ገደማ ነው የዘጋው። ማንም አልከሰረም፤ አንዱ አክሲዮን ለ4 ተከፍሎ ነው። ያልተስተካከለ ዋጋ ያወረደ ሰው ኮምፒውተሩ «ሦስት አራተኛው ጠፋ» ብሎ ይጮህበታል። የዛሬዎቹን ትልልቅ ኩባንያዎች ዝርዝር ይዞ ወደኋላ መሄድም ያው ነው፤ በ2008 የወደቀው ሌማን ብራዘርስ እዚያ ዝርዝር ላይ የለም። የቀሩትን ብቻ ብትፈትን ሁሉም ጎበዝ ነው።

በል አሁን አውርደው። የመጨረሻዎቹን 2 ዓመታት ግን ቆርጠህ ለእኔ ላክልኝ፤ ስትራቴጂህን ጨርሰህ «ከዚህ በኋላ አልነካውም» እስክትል እኔ ጋ ይቆያሉ። አትሳቅ፣ ፋይሉ አንተ ጋ ካለ ታየዋለህ፤ አውቅሃለሁ።

ወረደ? ወደ ዕለታዊ ቀይረውና አንድ እሁድ ፈልግ። ካንድል አለው? አየህ፣ የሁለት ወይ የሦስት ሰዓት ገበያ ሙሉ ቀን መስሎ ቁጭ ብሏል። ሳምንትህ 6 ቀን ሆነልህ። ያ የ5 ቀን አማካይ የምትለው ነገር ምን እንደሚቆጥር አሁን አስላው፤ እኔ ሻይህን ላሙቅልህ፣ በረደ።