ልጆቻችንና የሰው አገር ምግብ ቤት

 

የዛሬው ትምህርት ከአንዲት እህት ጥያቄ የተነሳ ነው። የሞላሌ ልጅ ናት፤ አሁን ዋሽንግተን አካባቢ ትኖራለች። የሰባትና የአራት ዓመት ልጆች አሏት። የትልቁ ልጅ ጓደኞች ልደታቸውን የሚያከብሩት ምግብ ቤት ውስጥ ነው። «ልውሰደው ወይስ ላስቀረው? ወስጄው ‹ይኼ አይበላም› ስለው ደግሞ ያለቅሳል» ትላለች። ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ስለሆነ እዚሁ ልመልሰው።

ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) የዘገቡትን አስታውሱ። የነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የልጅ ልጅ ሐሰን (ረ.ዐ) ከሰደቃ ተምር አንዷን አንስቶ አፉ ውስጥ ከተታት። ለነብዩ ቤተሰብ ደግሞ ሰደቃ አይፈቀድም። ነብያችን ለሕፃን በሚነገር ድምፅ እንዲተፋት አደረጉት፤ ወዲያውም እኛ ሰደቃ እንደማንበላ አታውቅምን ብለው ጠየቁት።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሐሰን የተወለደው በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ ነው። ነብያችን ከዚህ ዓለም ሲለዩ ስምንት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። የዚህች እህት ልጆች እኩያ ማለት ነው። ሕፃን ነው ተብሎ ተምሩ አልተተወለትም፤ ሕፃን ነው ተብሎም ምክንያቱ አልተደበቀበትም። ምክንያቱም ስለ ተምሩ አልነበረም፤ ተምሩ ጥሩ ተምር ነው። ምክንያቱ «እኛ ማን ነን» የሚለው ነው።

ብዙዎቻችን ግን ምን እንላለን? «ኧረ ተወው፣ ቆሻሻ ነው!» የአሳማ ሥጋ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ቁርአኑ ራሱ ርኩስ ብሎታል። የጓደኛው ዶሮ ግን ቆሻሻ አይደለም። ልጁ ያላችሁትን ነገ ትምህርት ቤት ወስዶ «የአንተ ምግብ ቆሻሻ ነው» ይለዋል። አድጎ ንጹሕ መሆኑን ሲያይ ደግሞ እናቱ ሌላም ነገር ላይ ዋሽታኝ ይሆን ብሎ ይጠይቃል። እኔን የሚያስፈራኝ ይኼ ነው፤ ለቅሶውስ ያልፋል።

ሞላሌ ላይ ይህን የሚያስተምረው ድግስ ነው። ክርስቲያን ጎረቤት ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ በግ ለይቶ ያቆያል። የሚያርደው ሙስሊም ነው፤ ድስቱም ማማሰያውም ለብቻ ነው። ሕፃኑ ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያስረዳው የእኛ የቱ እንደሆነ ያውቃል፤ ከጎረቤት ልጆች ጋርም እየሮጠ ይውላል። የሚያፍርም የሚቀየምም የለም። አሜሪካ ውስጥ በግ ለይቶ የሚያቆይላችሁ ጎረቤት ስለሌለ ያ ሥራ ሁሉ እናንተ ላይ ወድቋል።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። የተጠበሰ ድንች ሁልጊዜ ድንች ብቻ አይደለም። ማክዶናልድስ አሜሪካ ውስጥ ድንቹ ላይ የበሬ ሥጋ ጣዕም እንደሚጨምር ሳይናገር በመቆየቱ ሂንዱዎችና ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ከሰውት፣ በ2002 እ.ኤ.አ. 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። እንግሊዝ አገር ዓሣና ድንች በከብት ሞራ የሚጠብሱ ቤቶች አሉ። ለልጆች የሚታደለው የሚለጠጥ ከረሜላ ውስጥ ያለው ጄላቲንም ብዙ ጊዜ ከአሳማ የሚወጣ ነው።

ሐበሻ ምግብ ቤት ከሆነ የጾም በያይነቱ እዘዙ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ሥጋም ቅቤም የለበትም። የክርስቲያን ወገኖቻችን ጾም ለእኛ ልጆች ማዕድ ሆነ ማለት ነው፣ ሱብሓነላህ! ነገር ግን መጠጥ የሚዞርበት ማዕድ ላይ መቀመጥ በሐዲስ የተከለከለ ነው። ቤቱ ማታ ማታ መጠጥ ቤት የሚሆን ከሆነ አስጠቅልላችሁ ቤት ብሉ።

«የኪታብ ሰዎች ምግብ ተፈቅዶልን የለም ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አዎ፣ ሱረቱል ማኢዳ 5ኛው አንቀጽ ላይ አለ። የዛሬው የፋብሪካ እርድ በዚያ ውስጥ ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ላይ ግን ዑለሞች ተለያይተዋል። እኔ ልጆችን ይዞ ለሚወጣ ሰው የምመርጠው መራቁን ነው፤ ሕፃን አንድ ቀን ተፈቅዶ አንድ ቀን የሚከለከል ነገር አይገባውም። ከእኔ የተለየ የሚያደርገውን በክፉ አላየውም። ወላሁ አዕለም።

ስለ አመጋገብ ሥርዓት ደግሞ የዑመር ኢብኑ አቢ ሰለማ (ረ.ዐ) ሐዲስ ይበቃል። በነብያችን ቤት ያደገ ልጅ ነበር፤ እጁ ሳህኑ ላይ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። ቢስሚላህ እንዲል፣ በቀኙ እንዲበላ፣ ከፊቱ እንዲያነሳ ነገሩት። ይህን የተማረው አብሯቸው ማዕድ ላይ ተቀምጦ ነው። ምግብ ቤት ስትገቡ ዝም እንዲል ስልክ የምትሰጡት ልጅ ከማን ይማራል?

እህቴ፣ ልደቱ ላይ ውሰጂው። ቤት አብልተሽው ውጪ፤ ለልደተኛው እናት አስቀድመሽ ንገሪያት። እዚያ አገር ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅ ብዙ ስለሆነ ለልጅ ምግብ መጠየቅ አዲስ ነገር አይሆንባትም። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ልጅሽ አንዲት ዓረፍተ ነገር ያጥና፦ «እኛ ሙስሊሞች ነን፣ ይኼን ሥጋ አንበላም፤ ፍራፍሬ ካለ ስጡኝ።» በእንግሊዝኛ ያጥናት፣ ለአስተናጋጇም ራሱ ይንገራት።