ለአሸዋ የትኛው ሞተር?

ጥያቄ፦ የምኖረው ዱባይ ነው። አሸዋ ላይ የምነዳው ያገለገለ ባለአራት ጎማ ሞተር ልገዛ አስቤ በያማሃ ራፕተር 700 እና በዋይኤፍዜድ 450 አር መካከል ተቸገርኩ። የትኛው ይሻለኛል?

መልስ፦ ለመዝናናት ከሆነ ራፕተሩን ይውሰዱ። ሁለቱም ባለአንድ ሲሊንደር ናቸው፤ ኃይላቸውንም በካቴና ለኋላ ጎማዎች ብቻ ያደርሳሉ። የሚለያዩት ጉልበታቸውን በሚሰጡበት ዙር ነው። ባለ 686 ሲሲው ራፕተር በዝቅተኛ ዙርም ይጎትታል። አሸዋ ጎማ ስለሚይዝ ዳገት መሃል ማርሽ ለመቀነስ ነዳጅ የለቀቁ ጊዜ ፍጥነቱ ይሞታል፤ ያኔ ይህ ጉልበት ያድናል። ባለ 449 ሲሲው ግን ለውድድር የተሠራ በመሆኑ ሞተሩን በከፍተኛ ዙር ማቆየትና ማርሽ ቶሎ ቶሎ መቀያየር ይፈልጋል። ሪትሮማርሽም የለውም፤ አሸዋ ውስጥ ከተቀበረ ወርዶ መጎተት ነው፣ ያውም በዚያ ሙቀት!

«ትንሹ ይቀላል፣ ለመታጠፍም ይመቻል» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ለዝላይና ለውድድር ሜዳ እኔም እሱን እመርጣለሁ። ሆኖም ብልጫው የሚታየው በሠለጠነ እጅ ነው፤ ጀማሪን ቶሎ ያደክማል። ደግሞም ለገዢው ከሲሲው ይልቅ ወሳኙ የቀድሞው ባለቤት አያያዝ ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት የአየር ፊልትሮውን ቤት ያስከፍቱ። ከፊልትሮው ወዲያ በሞተሩ በኩል አሸዋ ካገኙ፣ ፒስተኑና ሲሊንደሩ ሳይበሉ አልቀሩም፤ ሻጩ ምንም ቢምል ይተዉት። ካቴናውንና የኋላ ጎማ ኩሽኔታዎችንም ይነቅንቁ። ሁለቱም ሞተሮች የተሠሩት ለአንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ከኋላ ማንንም አይጫኑ።