ዕፅዋት የማበቢያ ጊዜያቸውን እንዴት ያውቃሉ?

ያለ ወቅቱ ያበበ ተክል አበባው በውርጭ ይመታል፤ የዘገየውም ፍሬው ሳያጎመራ የአፈሩ እርጥበት ያልቅበታል። ስለዚህ ለዕፅዋት ወቅትን ማወቅ የህልውና ጉዳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ ወቅትን የሚያሳውቋቸውን ሁለት ዋና ዋና ምልክቶች፣ ማለትም ቅዝቃዜንና ብርሃንን፣ እንመለከታለን።

በመጀመሪያ ቅዝቃዜን እንውሰድ። በአውሮፓ ገበሬዎች ከብርዱ ወራት አስቀድመው የሚዘሩት የስንዴ ዓይነት አለ። ይህ ስንዴ ለበርካታ ሳምንታት ዝቅተኛ ቅዝቃዜ ካላገኘ ቅጠል ከማብዛት በቀር ዛላ ለማውጣት እጅግ ይዘገያል፤ ጨርሶ ላያወጣም ይችላል። በቅዝቃዜ አማካይነት ለማበብ መብቃት ቬርናላይዜሽን ይባላል። አሠራሩ በይበልጥ የተጠናው አረቢዶፕሲስ በተባለች ትንሽ ተክል ላይ ነው። በውስጧ ኤፍ.ኤል.ሲ. የተባለ ዘረ መል ማበብን ያግዳል። ቅዝቃዜው ሲረዝም ይህ ዘረ መል ቀስ በቀስ ይዘጋል፤ ሙቀት ከተመለሰና ሴሎች ከተከፋፈሉ በኋላም እንደተዘጋ ይቆያል። ተክሉ ያለፈውን ብርድ «ያስታውሳል» የምንለው በዚህ ምክንያት ነው። በአዲሱ ዘር ውስጥ ግን እገዳው እንደገና ይጀምራል።

ሁለተኛው ምልክት ብርሃን ነው። ጋርነርና አላርድ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተሙት ጥናት፣ በረጃጅም ቀናት የማያብብ የትምባሆ ዝርያ በየቀኑ ጨለማ ክፍል እየገባ ቀኑ ሲያጥርበት እንደሚያብብ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1938 ደግሞ ሃምነርና ቦነር ወሳኙ የሌሊቱ ርዝመት መሆኑን አረጋገጡ፤ በረጅሙ ሌሊት መካከል ለአጭር ጊዜ የበራ መብራት የአጭር ቀን ተክልን ከማበብ ያግደዋልና። ብርሃኑን የሚለካው ቅጠል ሲሆን፣ የሚያብበው ግን የግንዱ ጫፍ ነው። መልእክቱን በምግብ ማመላለሻ ቱቦዎች የሚያደርሰው ኤፍ.ቲ. የተባለ ፕሮቲን መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2007 የወጡ ጥናቶች አሳይተዋል።

ይህ እውቀት ለአገራችን ምን ይጠቅማል? አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ በረጅሙና በአጭሩ ቀኗ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። በደጋው ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም ቀኑ ይሞቃል። እንግዲህ ያንን የአውሮፓ ስንዴ አምጥተን ብንዘራ፣ ማሳው ለምለም ሆኖ ሳለ ጎተራው ባዶ ሊቀር ይችላል። በአገራችን የሚዘሩት የስንዴ ዝርያዎች በአብዛኛው ረጅም ቅዝቃዜ የማይጠብቁ መሆናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለሆነም አንድ ዘር ከውጭ ሲመጣ ምን ያህል ምርት እንደሚሰጥ ከመጠየቃችን በፊት፣ ለማበብ ምን ያህል ብርድና ምን ያህል ብርሃን እንደሚሻ መጠየቅ ይገባናል።